ስለ ሰውነታችን ሚዛንና ስለ ሕዋሳት በር

ከእንጦጦ ጫፍ በየካ በኩል ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚወርደውን መንገድ በማለዳ ያየ ሰው፥ የባሕር ዛፍ እንጨትና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው ጐንበስ ብለው የሚወርዱትን ሴቶች ሳያይ አይቀርም። ሸክሙ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ይበልጣል፤ የተነሡበትም የተራራ ራስ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፥ ነፋሱ ፊት ይገርፋል፤ የሴቶቹ ግንባር ግን በላብ ርሷል። ይህን አይቶ ማዘን የተገባ ነው። ለዛሬው ቁም ነገራችን ግን ሌላ ጥያቄ እናንሣ። ከውጭ ብርድ አለ፤ ከውስጥ የሥራ ሙቀት አለ፤ አየሩ ሥሥ ነው፤ ጧት የተበላው ቁራሽ እንጀራም ጥቂት ነው። ይህ ሁሉ ሲለዋወጥ የእነዚያ ሴቶች የውስጥ ሙቀት ከ37 ዲግሪ ብዙ ሳይርቅ፥ የደማቸው ጨውና ስኳርም ከልኩ ሳይወጣ የሚኖረው በማን ጠባቂነት ነው?

ሊቃውንት ለዚህ ጥበቃ ሆሚዮስታሲስ የሚል ስም ሰጥተውታል። ቃሉን ከግሪክ ቋንቋ አውጥቶ በ1926 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር የሰየመው ዋልተር ካነን የሚባል አሜሪካዊ ሊቅ ነው። ከእርሱ አስቀድሞ በ19ኛው መቶ ዓመት ክሎድ በርናር የሚባል ፈረንሳዊ፥ የሰው ሥጋ የሚኖረው በውጭው አየር ውስጥ ብቻ ሳይሆን በራሱ የውስጥ ውኃ ውስጥ መሆኑን፥ የዚህም ውኃ ጸጥታ ለሕይወት መሠረት መሆኑን አስተምሮ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያደግን ሰዎች ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፥ ማለት ከመሬት፥ ከውኃ፥ ከነፋስና ከእሳት እንደ ተፈጠረ፥ አንዱ በሌላው ላይ ሲሠለጥንም ደዌ እንደሚመጣ ስንሰማ ኖረናል። የዛሬ የሕክምና መጽሐፍ ባሕርያቱን በሌላ ስምና በሌላ ቍጥር ይቈጥራቸዋል እንጂ የሚዛኑን ነገር አልሻረውም።

የአሠራሩን መንገድ ለመረዳት ከምጣድ አጠገብ ያለችውን ሴት መመልከት ይበቃል። እሳቱ ሲበረታባት እንጨቱን ወደ ኋላ ትስባለች፤ ሲደክምባት ትጨምራለች። ምጣዱን በእጅዋ ባትነካውም እንጀራው ዓይን ሲያወጣ ወይም ሲያርር አይታ ታውቃለች። ሰውነትም እንደዚሁ ነው፤ የሚያይ አለው፥ ልኩን የሚያውቅ አለው፥ የሚጨምርና የሚቀንስም አለው። የሙቀትን ነገር የሚያየው ከአንጐል ሥር የሚገኝ ሃይፖታላመስ የተባለ ትንሽ ክፍል ነው። ጡንቻ ሲሠራ ከሚያነደው ምግብ ወደ ሥራ የሚለወጠው አንድ አራተኛ ያህሉ ብቻ ነው፤ የቀረው ሙቀት ይሆናል። እንግዲህ እንጨት ተሸካሚዋ በሄደች ቍጥር በውስጥዋ እሳት ይነድዳል። ሃይፖታላመስ ይህን ሲያውቅ በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ያሰፋል፥ የላብንም ምንጮች ይከፍታል፤ ላቡ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። አረፍ ብላ ነፋስ ሲመታት ደግሞ ሥሮቹ ይጠብባሉ፥ ጠጕር ይቆማል፥ ጡንቻም በመንቀጥቀጥ ሙቀት ይሠራል።

ስለ እስትንፋስም እንዲሁ ነው። በእንጦጦ ራስ ላይ የአየሩ ክብደት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክሲጅን በዚያው መጠን ያንሳል። ከቈላ የመጣ እንግዳ በየካ አቀበት ላይ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍሰውና ልቡ የሚመታው ስለዚህ ነው። ሰንብቶ ሲከርም ኵላሊቱ የኦክሲጅንን ማነስ አይታ ወደ አጥንት መቅኔ መልእክት ትልካለች፤ መቅኔውም ቀይ የደም ሕዋሳትን ያበዛል። ስለ ደጋ አገር ሰው የተጻፈ አንድ የሚያስደንቅ ነገርም አለ። ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት ሊቅና ባልደረቦችዋ በስሜን ተራሮች፥ 3,530 ሜትር ከፍታ ባለው በአምባራስ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው በ2002 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር እንዳሳተሙት፥ የእነዚህ ሰዎች ደም እንደ ደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራራ ሰዎች ደም አልወፈረም። ኦክሲጅን ተሸካሚው የደም ቀለም፥ ሄሞግሎቢን የሚባለው፥ መጠኑ በባሕር ዳርቻ እንደሚኖር ሰው ሆኖ ሳለ፥ በአማካይ 95.3 በመቶው ኦክሲጅን ተሸክሞ ተገኘ። ከፍታውን እየኖሩበት ሚዛናቸው የቈላ ሰው ሚዛን ነው ማለት ነው። በእንጦጦ ዳገት ጧት ጧት የሚሮጡትን ልጆች ሳይ ይህ ነገር ትዝ ይለኛል።

የጾመኛውንም ነገር በአጭሩ እንንካ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ያልቀመሰ ሰው በሥራው ላይ ራሱን ስቶ የማይወድቀው፥ ጉበቱ አስቀድሞ ያከማቸውን ስኳር ጥቂት በጥቂት ወደ ደም ስለሚለቅ ነው። ከበላ በኋላ ደግሞ ቆሽት ኢንሱሊን የሚባለውን መልእክተኛ ይልካል፤ ይህም የጡንቻንና የስብን ሕዋሳት በር ለስኳር ያስከፍታል። መልእክተኛው ሲጠፋ ወይም ሕዋሳቱ አልሰማ ሲሉት ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ የስኳር በሽታ የምንለው ይህ ነው።

"በር" ማለታችን ለምሳሌ ብቻ የተነገረ እንዳይመስል፥ ወደ ራሱ ወደ ሕዋሱ እንግባ። ሕዋስ የሚለውን ቃል እኛ በግእዝ ትምህርት የምናውቀው ለአምስቱ የስሜት ክፍሎች፥ ለማየት፥ ለመስማት፥ ለማሽተት፥ ለመቅመስና ለመዳሰስ ነበር። የዛሬ መጻሕፍት ግን በአጉሊ መነጽር ለምትታየው ለታናሿ ሕያዊት የሥጋ ክፍል ሰጥተውታል። የቃሉ መደራረብ ደስ ባያሰኘኝም ስለ ለመደ እኔም እከተለዋለሁ። ሰው 30 ትሪሊዮን ያህል ሕዋሳት አሉት ተብሎ ይገመታል፤ እያንዳንዱም ሽፋን አለው። የሽፋኑ ውፍረት፥ አንድ ሚሊ ሜትር ለ100,000 ቢከፈል፥ ከአንዱ ክፍል እንኳ ያንሳል።

ሽፋኑ ከምን ተሠራ ቢሉ ከስብ ነው። ጎርተርና ግሬንደል የተባሉ ሁለት የሆላንድ ሊቃውንት በ1925 ከቀይ የደም ሕዋሳት ስቡን አውጥተው በውኃ ላይ ቢያነጥፉት፥ ስፋቱ ከሕዋሳቱ ገጽ ሁለት እጥፍ ሆኖ አገኙት፤ ስለዚህ ሽፋኑ ድርብ ነው ብለው ፈረዱ። ፍርዳቸውም እስከ ዛሬ ጸንቷል። ቅቤ በትኩስ ወጥ ላይ ሲጣል ዓይን ዓይን እየሠራ እንደሚንሳፈፍና ከውኃው እንደማይዋሐድ ባለሞያ ሁሉ ታውቃለች፤ ውኃ ውስጥ የሚኖር ሕዋስ ውኃ እንዳያሟሟው በስብ መታጠሩ ለዚህ ነው። ነገር ግን አጥር ብቻ ቢሆን ኖሮ ሕዋሱ በረኀብ በሞተ ነበር። ስለዚህ በስቡ መካከል ከፕሮቲን የተሠሩ በሮች ቆመዋል። አንዱ ለውኃ ብቻ ይከፈታል፤ አንዱ ለፖታሲየም፤ ሌላው ለስኳር። የእኛም ፍርድ ቤት በረኛ አለው፤ ግን እንደዚህ ባለጕዳዩን ከባለጕዳይ የሚለይ በረኛ በዘመኔ አላየሁም።

ከበሮቹ ሁሉ የማይተኛ አንድ አለ። ይህ በር ሦስት ሶዲየም ወደ ውጭ አስወጥቶ ሁለት ፖታሲየም ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ሌሊትና ቀንም አያቋርጥም። ሶዲየም ማለት በወጥ ከምንጨምረው ጨው አንዱ ወገን ነው። ይህን አሠራር በ1957 የገለጠው ዬንስ ስኩ የተባለ የዴንማርክ ሰው ሲሆን፥ የመረመረውም የባሕር ሸርጣን እግር ነርቭ ነበር፤ በ1997 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ሰው ዐርፎ በተቀመጠበት ሰዓት እንኳ ከሚያነደው ኃይል አንድ አምስተኛ የሚያህለው ለዚህ በር ሥራ ይውላል። ከዚህ የተነሣ ሶዲየም ከሕዋሱ ውጭ በብዛት፥ ከውስጥ ግን በጥቂቱ ይገኛል፤ ፖታሲየም በተቃራኒው ነው። ነርቭ መልእክት የሚያስተላልፈው፥ ልብም የሚመታው በዚህ ልዩነት ነው።

ውኃ ደግሞ ጨውን ይከተላል። ይህን ለማየት ማእድ ቤት ይበቃል። ለቋንጣ የተዘለዘለ ሥጋ ጨው ሲነካው ውኃውን ያወጣል፤ ለበቆልት በንጹሕ ውኃ የተዘፈዘፈ ባቄላ ግን አድሮ ያብጣል። የሰው ሕዋስም ጨው በበዛበት ውኃ ውስጥ ቢገባ ይኰማተራል፤ ጨው በሌለበት ውኃ ውስጥ ቢገባ አብጦ ይፈነዳል። በሆስፒታል ለታማሚ በደም ሥር የሚሰጠው ውኃ በአንድ ሊትር 9 ግራም ጨው እንዲኖረው የተደረገው ሕዋሳቱ ሳያብጡና ሳይኰማተሩ እንዲቀበሉት ነው።

እናቶችና እኅቶች ይህን ሁሉ እስከዚህ በትዕግሥት ካነበባችሁ፥ ጽሑፉ የተጻፈበት ጕዳይ ከዚህ ይጀምራል።

ሕፃን ልጅ ከሰውነቱ ክብደት ከአራት እጅ ሦስቱ ያህል ውኃ ነው፤ ዐዋቂው 60 በመቶ ገደማ ነው። ሕፃኑ በተቅማጥ ሲያዝ ውኃው ብቻውን አይወጣም፤ ሶዲየሙንና ፖታሲየሙን ይዞ ይወጣል። ደሙ ይጐድላል፥ ልቡ ቶሎ ቶሎ ይመታል፥ ኵላሊቱ ውኃ ለመቈጠብ ሽንቱን ያሳንሳል፤ ሚዛን ጠባቂው ሁሉ በሥራ ላይ ነው። የሚጠብቀው ነገር ከእጁ ሲያልቅ ግን ዓይኑ ይሰረጕዳል፥ እርግብግቢቱም ወደ ውስጥ ይገባል።

በሰፈራችን አንዲት ባልቴት የልጃቸውን ልጅ አቅፈው ለምራታቸው ሲናገሩ ሰምቻለሁ። "ልጄ፥ ውኃውን ተዪው፤ ከላይ ስታፈሺበት ከታች ይፈስሳል" አሉ። ምራቲቱም በትሕትና፥ "እማማ፥ ከንፈሩ እኮ ደርቋል" አለች። የባልቴቲቱ ዓይን አልተሳሳተም፤ ንጹሕ ውኃ ብቻ የጠጣ ተቅማጠኛ ልጅ ብዙውን ጊዜ መልሶ ሲያፈስሰው ታያለች። ፍርዳቸው ግን ልጁን ለሞት የሚዳርግ ነው፤ የጐደለውን መከልከል ጕድለቱን ይጨምራል እንጂ አይሞላም። ከዚህ የባሰው ደግሞ በብዙ የአገራችን ክፍል የቆየው ልማድ ነው፤ ተቅማጡን ያመጣው የሚወጣው የወተት ጥርስ ነው ተብሎ የሕፃኑ ድድ ይቀደዳል፥ እንጥሉም ይቈረጣል። ውኃው ባለቀበት ሕፃን ላይ ደም ማፍሰስ ነው። እንጥልም ሆነ ጥርስ ከአንጀት ውኃ ጋር ጕዳይ የለውም።

ታዲያ ውኃው ከታች የሚፈስስ ከሆነ መጠጡ ምን ይጠቅማል? መልሱ ከበሮቹ አንዱ ዘንድ ነው። ሮበርት ክሬን የተባለ አሜሪካዊ በ1960 በፕራግ ከተማ በተደረገ የሊቃውንት ጉባኤ ላይ እንዳስረዳው፥ በአንጀት ሕዋሳት ሽፋን ላይ ስኳርና ሶዲየም አብረው ካልመጡ በሚገባ የማያስገባ በር አለ። ሁለቱ ባንድነት ሲመጡ ግን ይከፈታል፤ ሶዲየሙ ስኳሩን ይዞ ይገባል፥ ውኃውም ይከተላቸዋል። የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው፤ የኮሌራ መርዝ በአንጀት ውስጥ ሌሎችን በሮች በርግዶ ውኃውን ሲያፈስስ እንኳ ይህን በር አያበላሽም። ስለዚህ ተቅማጡ ሳይቆም ልጁ ሊድን ይችላል። የወጣው ባይቀር የሚገባው እንዲበልጥ ማድረግ ነው።

ይህ ነገር በመጽሐፍ ብቻ አልቀረም። በ1971 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ ስደተኞች በህንድ ቦንጋዎን ሰፍረው ኮሌራ ሲገባባቸው፥ በደም ሥር የሚሰጠው ውኃ አለቀ። ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባሉ ሐኪም ጨውና ስኳር በውኃ በጥብጠው ዘመዶቻቸው ለሕሙማኑ እንዲያጠጡ አደረጉ። ከዚያ በፊት ከ100 ሕሙማን 30 ያህሉ ይሞቱ የነበሩት ከ4 በታች ሆኑ። ዛሬ ኦ.አር.ኤስ. የምንለው ዱቄት ከዚያ ሥራ የወረደ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 በወሰነው መሠረት ለአንድ ሊትር ውኃ 2.6 ግራም የወጥ ጨው፥ 13.5 ግራም ግሉኮስ፥ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.9 ግራም ሲትሬት ይዟል። በአገራችን በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ እስከ ገጠሩ ድረስ አድርሶታል፤ በከተማም በጤና ጣቢያና በመድኃኒት ቤት ይገኛል።

ዱቄቱ በእጅ ካለ እርሱ ይቀድማል፤ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው የውኃ ልክ ይበጠበጥ፥ ከዚያም አይቀነስ፥ አይጨመር። በሌሊት ቢሆንና ባይገኝ፥ ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ስድስት ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጥበጥ። "ለጥ ያለ" ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በእፍኝ መስፈር ልማዳችን ነውና። ስለ ቋንጣው የተናገርነውን አስቡ፤ ጨው የበዛበት መጠጥ የልጁን ሕዋሳት ውኃ መልሶ ይመጥጣቸዋል፥ አንጐሉንም ይጐዳል። ስኳር የበዛበትም ተቅማጡን ያብሳል፤ ለስላሳ መጠጥ የማይመከረው ስለዚህ ነው።

አሰጣጡ በትዕግሥት ይሁን። ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ባስቀመጠው ቍጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፥ ማለት ከሩብ እስከ ግማሽ ብርጭቆ ያህል፥ በማንኪያ ጥቂት በጥቂት ይሰጠው፤ ከዚያ በላይ ላለው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ጠብቆ ከቀድሞው በዝግታ መቀጠል ነው። ጡት አይቋረጥ፤ እህል የጀመረውም ምግብ አይከልከል፥ አንጀቱ የሚጠገነው በምግብ ነውና። ሐኪም ከዚህ ጋር ዚንክ የሚባል እንክብል ከ10 እስከ 14 ቀን ያዝዛል፤ ተቅማጡ ቢቆምም ቀኑ እስኪሞላ ይዋጥ። የተበጠበጠው መጠጥ ተከድኖ ይቀመጥ፤ 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋ፥ አዲስ ይበጥበጥ።

ልጁ መጠጣት ካቃተው፥ ፈዝዞ ወይም ሰውነቱ ዝሎ ከተኛ፥ ሰገራው ደም ካለው፥ የሚያስመልሰው ካልቆመ፥ ወይም የሆዱ ቆዳ በሁለት ጣት ተቈንጥጦ ሲለቀቅ ቀስ ብሎ የሚመለስ ከሆነ፥ የማንኪያው ጊዜ አልፏልና በጀርባ አዝሎ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው። በመንገድም ላይ መዋጥ ከቻለ ማጠጣቱ አይቋረጥ።